«አወቅሽኝ?» አትበሏት

ቡና ያፈላችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ፣ መንገድ ላይ ያላችሁም መንገዳችሁን ሳትለቁ አዳምጡኝ። የዛሬው ወጌ ስለ እናቴ ነው። ከእናቴ ጋር ስላረጁት ወዳጆቿም ጭምር።

እናቴ የላስታ ሰው ናት። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ከታናሽ እህቴ ጋር ትኖራለች፤ እኔ ርቄ ስለምኖር የምጠይቃት በስልክ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መርሳት ጀመረች። ወጡ ላይ ጨው ትደግማለች። ረቡዕ ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ «ቅዳሜ ገበያው ሳይፈታ ልድረስ» ትላለች። አቦሉ ሲጠጣ የጠየቀችውን ጥያቄ፣ መልሱን ሰምታ ስታበቃ፣ ቶናው ሲቀዳ መልሳ ትጠይቃለች። እኛም «እርጅና ነው» ብለን አለፍነው።

አንድ ቀን ግን በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችው ገንዘብ ጠፋ። እናቴም ወደ ጎረቤቷ ዞራ «የወሰድሽው አንቺ ነሽ» አለቻቸው። እኚህ ጎረቤት እናቴ አራስ በሆነች ቁጥር ገንፎ ያገነፉላት፣ ከእህት የማይለዩ ሴት ናቸው። አንድም ቃል ሳይመልሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ደጃችንንም መርገጥ ተዉ። ከሦስት ቀን በኋላ እህቴ ዱቄት ልትዝቅ እጇን ስትሰድ፣ ገንዘቡ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከዱቄቱ ሥር ተገኘ። የደበቀችው እናቴ ራሷ ነበረች። መደበቋን ረስታለች።

ወሩ በገባ በ21 የማርያም ማኅበር አለባት። በዚያ ወር ተረኛዋ እሷ ነበረች። ጽዋውን ተረክባ ወደ ቤት ያመጣችው እሷው ናት፤ ለእህቴ ግን አልነገረቻትም። ዕለቱ ደረሰና የማኅበሩ መሪ ሙሴው ቀድመው፣ ማኅበርተኛው ተከትሎ ገባ። ጠላ አልተጠመቀም፣ ዳቦ አልተጋገረም። እናቴ ተነሥታ በደስታ ሁሉንም እየሳመች «ምነው ዛሬ ምን እግር ጣላችሁ?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እህቴ ጓዳ ገብታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ከተቀመጡት መካከል መጀመሪያ ብድግ ያሉት እኚያ የተጠረጠሩት ጎረቤት ናቸው። ማኅበርተኛ ስለሆኑ ለማርያም ብለው መጥተው ነበር። ቤታቸው ሄደው ጠላ በማድጋ አመጡ። አንዷ እንጀራ፣ ሌላዋ ቆሎ ይዛ ተመለሰች። ጸሎቱ ደረሰ፣ ጽዋው በእናቴ ቤት፣ በእናቴ ስም ተጠጣ። ሰው ሲወጣ ጎረቤታችን እህቴን አቅፈው «ልጄ፣ ለካ ታማ ነው! እኔ እኮ የጠላችኝ መስሎኝ ሌሊቱን ሳለቅስ ነው የማድረው» አሏት።

ያን ቀን እህቴ ለወራት አፍና የያዘችውን ሁሉ ተናገረች። እሷ ስትጀምር ሌሎቹም ተናገሩ። አንዷ ባላቸው በሌሊት ተነሥተው ገደል ለገደል እየሄዱ ስንት ጊዜ በችቦ እንደተፈለጉ አወሩ። ሌላዋ ሟች እናታቸውን ሰው እንዳያይባቸው በር ዘግተው ማስታመማቸውን ተናዘዙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እውነት ነው። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ማኅበር እየኖሩ ሁሉም የየራሱን በር ዘግቶ ኖሯል።

አድማጮቼ፣ ይህ በሽታ ስም አለው። አሎይስ አልዛይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ዕድሜዋ በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ አንዲት ሴት ሲከታተል ቆይቶ፣ ከሞተች በኋላ አንጎሏ ላይ ያየውን ለሙያ ባልደረቦቹ የገለጸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ነው። ለመርሳት በሽታ ዋነኛው ምክንያት ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ሰው ሁሉ ሲያረጅ የሚደርስበት ነገር አይደለም። እርግማን አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። የአንጎል ሕመም ነው።

ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ነገር ግን የረሳ ሁሉ ይህ በሽታ ይዞታል ማለት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ድብርት፣ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት፣ እነዚህም ሰውን ያስረሳሉ፤ ታይተው ከታወቁ ደግሞ ይታከማሉ። ትናንት ደህና የነበረ ሽማግሌ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መቀባዠር ከጀመረ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀን አትቁጠሩ፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጠበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ሐኪሙም ግን ሕመምተኛውን ይየው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በ2024 እንዳስታወቁት፣ 14 ነገሮችን በጊዜ ብንቆጣጠር ከዓለም የመርሳት ሕመም 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ ያልታከመ የማየት ችግር ከነዚሁ ናቸው። ከሰው ተነጥሎ መኖርም አንዱ ነው። ለዚህ ነው ማኅበሩን በዋዛ የማላየው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታዬ አስቀድሜ «እማዬ፣ አወቅሽኝ?» እላት ነበር። በአገራችን ሽማግሌ ልንጠይቅ ስንገባ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። «ማነኝ? እስቲ ስሜን ንገሪኝ!» እንላለን፤ ፍቅር ይመስለናል። ለሚረሳ ሰው ግን ፈተና ነው፤ ያውም ሰው እያየው የሚወድቅበት። እህቴ አንድ ቀን «እባክህ ተዋት፤ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ እጇ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። በዚህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ነው፤ የልጅነቱ ይቆያል። እናቴ ትናንት የመጣ እንግዳ ይጠፋታል እንጂ የእናቷን ደጅ፣ የገብሱን አውድማ፣ በአሸንድዬ ከእኩዮቿ ጋር የጨፈረችበትን መስክ ዛሬም ታያለች።

ማምሻውን መቀነቷን ታጥቃ ትነሣለች። «መሸ፤ እናቴ ትጠብቀኛለች፤ ቤቴ ልሂድ» ትላለች። እህቴ ቀድሞ «ቤትሽ እኮ ይሄ ነው! እናትሽ ከሞተች ስንት ዘመኗ!» እያለች ትሟገታት ነበር። እናቴም የእናቷን መርዶ በየምሽቱ እንደ አዲስ ሰምታ ታነባ ነበር። አሁን ግን ጎረቤታችን ሲመጡ «ነይ፣ እኔም በዚያው ነኝ፤ አብረን እንሂድ» ይሏታል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ኮረብታውን ዝቅ ብለው፣ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ እያወሩ፣ ዞረው በዚያው በር ይመለሳሉ። «ደረስን» ይሏታል። እሷም «ተመስገን» ብላ ትቀመጣለች።

ገናን በላሊበላ ያከበራችሁ ታውቃላችሁ። በቤተ ማርያም ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። ከላይ ያሉት በመላእክት፣ ከታች ያሉት በሰዎች ምሳሌ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። የላዩ ሲያርፍ የታቹ ያነሣል። ለአንድ ጉሮሮ የሚቻል አይደለም። ማስታመምም ለአንድ ሰው አይቻልም። የኛ ሰው ግን ለአንዲት ሴት ልጅ ጥሎ ይሄዳል፤ እሷ ሥራዋን፣ ትዳሯን፣ እንቅልፏን ትታ ትቀራለች። ለእህቴ ማኅበርተኞቹ ተራ አወጡላት። ቅዳሜ አንዷ እናቴ ዘንድ ትውላለች፤ እህቴ ገበያ ትወጣለች። እሑድ ሌላዋ ትመጣለች፤ እህቴ ታስቀድሳለች። እኔም ብር መላክ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቶኝ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እየሄድኩ እህቴን አሳርፋታለሁ። ሰብሳቢ ላጡት ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው ሜቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ፤ የምትችሉትን ያህል እጃችሁን ዘርጉለት።

ባለፈው ስደውል «እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ልጅሽ ነኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ገበያው እንዴት ነው?» አልኳት። ምንም አልጠየቅኋት፤ ከገበያው በቀር። ጥቂት ዝም አለችና ስለ ገብስ ዋጋ ታወራኝ ጀመር፤ የነገረችኝ ዋጋ የልጅነቷ ዘመን ዋጋ ነው። አላረምኳትም። «ርካሽ ነው» አልኳት። ደስ አላት።

የማኅበሩ ሙሴ የእናቴን ስም ከተራው አላወጡትም። በዓመቱ ተራዋ ሲደርስ ጠላው በጎረቤት ይጠመቃል፣ ጽዋው ግን በእሷ ቤት ይቀመጣል።

እናንተም ዛሬ ከሰፈራችሁ የተዘጋ በር ካለ አንኳኩ። ስትገቡ ስማችሁን ቀድማችሁ እናንተ ተናገሩ። ከዚያ ቁጭ በሉና ለአስታማሚዋ «አንቺ ትንሽ ወጣ ብለሽ ተናፈሽ፤ እኔ አለሁ» በሏት።