ብልህና ብልጥ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው፤ «ብልጥ» ስለሚለው። ልጃችን የጓደኛውን ዳቦ አታሎ በልቶ ሲመጣ «አቤት ብልጠቱ!» ብለን እንስቃለን። ሞኝ ከመባል ብልጥ መባልን የማይመርጥ ማን አለ?

ቃሉ የ«በለጠ» ቤተ ዘመድ ነው። መብለጥ በራሱ ነውር የለውም፤ ተምሮና ሠርቶ የበለጠ ይመስገን። ብልጥ የምንለው ግን ሌላው ሳያውቅበት፣ ወይም ሲቸግረው ጠብቆ የሚበልጠውን ነው። ብልህ ደግሞ ለራሱም ለሌላውም አርቆ የሚያስብ ነው። በትግርኛችንም «ለባም»ና «ጎራሕ» አንድ አይደሉም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ «ብዝበዛ» የሚለውን ቃል በራዲዮም በሰልፍም ስንሰማ ኖረናል። በዝባዥ ሲባል ታዲያ ባላባቱንና ከበርቴውን እንጂ ራሳችንን አናስብም ነበር። ብልጠት ግን በጎረቤት መካከልም አለ።

ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ተዘግተው በነበረበት ጊዜ መቀሌ ላይ ያየነውን እናስታውስ። በደብተሩ ገንዘብ እያለው የሚበላው ያጣ ሰው ጥሬ ብር ፍለጋ ሲንከራተት፣ ብዙውን ቆርጦ ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን የሚሰጠው አልጠፋም። «ንግድ ነው» ተባለ። እንዴ! ንግድ የሚሆነው ገበያተኛው ዋጋው ካልተስማማው ትቶ መሄድ ሲችል ነው፤ ልጁ የታመመበት ሰው ወዴት ይሄዳል?

በእድራችንም ይኸው አለ። ዓመት ሙሉ ሳይከፍል ቆይቶ፣ እናቱ ሲታመሙ ውዝፉን ይዞ የሚሮጥ አለ። ቀብር ላይ ስሙን አስመዝግቦ ሹልክ የሚል አለ። ድንኳኑን ሳምንት ይዞ «ረሳሁት» የሚል አለ። እውነት እንናገር ከተባለ እኛም ከዚህ ንጹሕ አይደለንም።

ሆኖም ቃሉን ያለ ቦታው አናውለው። በዚያ ክፉ ጊዜ ደመወዙ ተቋርጦ መዋጮ ያቃተው ጎረቤት ብልጥ አይባልም። አጥቶ ያልከፈለና እያለው ያልከፈለ እኩል ከተቀጡ ግፉ የእኛ ነው። ስለዚህ የውዝፍ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት «ምን ቸገረህ?» ተብሎ ይጠየቅ።

«ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» ይባላል። ሁላችንም እንበላለጥ ካልን ሬሳችንን ማን ያነሣል?