ሕያው አጥር ከመንቀላችን በፊት



ዛሬ የማነሳው ስለ ቡና ችግኝ አይደለም፤ በማሳችን ዳር ስለቆመው ሰንሰል፣ ኮርችና ግራዋ ነው። በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ ብዙ ማሳ ከማሳ የሚለየው በዚህ አጥር ነው። ቡና ሲስፋፋ ግን ገጀራ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። «ሁለት መስመር ቡና ያስገባልኛል» ይባላል።

የተከላችሁት ተክል የእናንተ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርገውም፣ በጉልበታችሁ ያፈራችሁትን ሀብት ያከብርላችኋል። ድንበሩ ግን የብቻችሁ አይደለም።

የይዞታ ደብተራችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ። የመጀመሪያ ደረጃ ደብተር ከሆነ ካርታ የለውም። በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሌ፣ በምሥራቅ መንገድ ብሎ አዋሳኙን ይጽፋል እንጂ መስመሩ የት ላይ እንደሚያልፍ አያሳይም። መስመሩን የሚያሳየው መሬቱ ላይ ያለው አጥር ነው። እሱ ከተነቀለ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ የሚያየው ነገር ያጣል፤ የሚቀረው የሰው ምስክር ነው፣ ሰው ደግሞ ይረሳል፣ ይሞታልም። ሁለተኛ ደረጃ ካርታ ያላችሁ ዋስትናችሁ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ከጎረቤት ጋር መጣላት አይቀርላችሁም። ይዞታ ለመግፋት ብሎ የድንበር ምልክት ማጥፋት ደግሞ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው።

መንቀል ግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ከአዋሳኛችሁ ጋር ተነጋገሩ። የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ጥሩ፤ አጥሩ ሳይነሳ ድንጋይ ቅበሩ ወይም ችካል ትከሉ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይያዝ። አባወራዎች፣ እዚህ ላይ አትቆጡኝ፦ ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456 ጀምሮ የጋራ ይዞታ በባልና በሚስት ስም ነው የሚመዘገበው። ባለቤታችሁ ያልሰማችው የድንበር ስምምነት ነገ እቤታችሁ ክርክር ይዞ ይመጣል። የጎረቤታችሁም ሚስት እንዲሁ።

አብዛኛውን ጊዜ ግን መንቀል አያስፈልግም። ቡናው ጥላ በዛበት የምትሉ፣ ከለቀማ በኋላ አጥሩን በወገብ ቁመት ከርክሙት፤ ቅጠሉን ለጉዝጓዝ፣ ግንዱን ለማገዶ። በቴፒ በኩል ያላችሁ ኮርቹን ቁንዶ በርበሬ አስወጡበት፤ ያኔ አጥሩ ራሱ ገቢ ያመጣል። ከሥሩ ኮረሪማም ይበቅላል።

በአጥሩ ውስጥ ዋንዛ ወይም ቀረሮ ካለ ግን ለጣውላ ከመቁረጣችሁና ከመጫናችሁ በፊት የወረዳውን የደን ባለሙያ ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ የተጫነ እንጨት ኬላ ላይ ይያዛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማሳ ስንወጣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አዋሳኞቻችሁን ከአጥሩ ጋር እያስተያየን እናነባለን።