ለየተማሪው የሚመጥን ትምህርት

ለየተማሪው የሚመጥን ትምህርት ሲባል እንግዳ ነገር ይመስላል እንጂ፣ የቄስ ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። የኔታ ታዲያ (አለንጋቸውን ለጊዜው እንርሳውና) እያንዳንዱን አስነብበው፣ የተሰናከለበትን ሰምተው፣ ወይ ያስደግሙታል ወይ ያሳልፉታል። እንግዲህ ለየተማሪው የሚመጥን ትምህርት የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራምም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ይጠይቃል፤ ከስህተቱ ተነስቶ ልጁ የቱ ጋ እንደደረሰ ይገምታል፤ ቀጣዩን መልመጃ በዚያው ልክ ይመርጣል።

ይጠቅማል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የዴልሂ ጥናት አለ። ማይንድስፓርክ በተባለ ፕሮግራም የመማር ዕድል በዕጣ የደረሳቸው ልጆች፣ ዕጣው ካልወጣላቸው ይልቅ በሒሳብም በሂንዲም ተሻሽለዋል። ምክንያቱ አይከብድም፤ ብዙዎቹ ከክፍላቸው ደረጃ ወደኋላ ቀርተው ነበር፣ የክፍሉ መጽሐፍ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። «እንግዲያው መምህር ሊቀር ነው» የሚል ስጋት ይነሳ ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። እዚያው ዴልሂ ልጆቹ ከኮምፒውተሩ ሌላ በትንንሽ ቡድን የሚያግዛቸው ሰው ነበራቸው፤ ስለዚህ ውጤቱን በሙሉ ለፕሮግራሙ መስጠት አይቻልም። ደግሞም ለየተማሪው የሚመጥን ትምህርት የሚያቀርበው ማሽን የልጁን ስህተት ይቆጥራል እንጂ፣ ቁርስ ሳይበላ መምጣቱን ከፊቱ አያነብም።