የሐበሻን ጥድ ከፍሬው ስለ ማፍላት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ግንቦት 2017 ዓ.ም.)



ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜዬንም የጨረስኩት መዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። ስለዚህ የምናገረው እንደ ደን ባለሙያ ሳይሆን ሞክሬ ያየሁትን ብቻ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በመጋቢት ወር አንዲት እናታችንን ስንቀብር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ፍትሐቱ ሳያልቅ ሁለት ሴቶች አዙሯቸው በጃንጥላ ከልለን ውሃ አጠጣናቸው። በዚያ ቦታ ድሮ አምስት ትልልቅ ጥዶች ነበሩ። አሁን አንድ ቀርቷል፤ እሱም ጫፉ ደርቋል። የሌሎቹ ጉቶ ብቻ ነው ያለው። ባሕር ዛፍ ቢሆን ኖሮ ከጉቶው ያቆጠቁጥ ነበር። የሐበሻ ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይነሣም፤ ከፍሬ ካልሆነ ተመልሶ አይመጣም። ከዛፉ ሥር ብቅ የሚለውንም ቡቃያ ከብት ይረግጠዋል፥ ሣር አጫጁም አብሮ ያጭደዋል።

እንግዲህ በዚያው ክረምት ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ሄጄ ጥድ ስጡኝ አልኩ፤ ጥድ ብለው ሰጡኝ። ቶሎ ቶሎ ሲያድግ ደስ አለኝ። በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ቅጠሉን ዳበሱና «አንተ ጸሐፊ፥ ይሄ እኮ አይወጋም፤ የፈረንጅ ጥድ ነው» አሉኝ። እውነትም ነው። የፈረንጁ ጥድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው፤ ፍሬውም ደርቆ የሚሰነጠቅ እንጨት ነው። የእኛው ሕፃን ሳለ ቅጠሉ እንደ መርፌ እጅ ይወጋል፤ ፍሬውም ለስላሳ ነው፥ አይሰነጠቅም። የፈረንጁን አልንቅም፥ ለአጥር ጥሩ ነው። ነገር ግን ያን ቀላ ያለ፥ የሚያውድ፥ ምስጥ የማይደፍረውን እንጨት አይሰጥም።

በ2014 ዓ.ም. ራሴ ፍሬ ለቅሜ ዘራሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ተናድጄ መደቡን በዶማ ገለበጥኩት። ታዲያ ምን አየሁ መሰላችሁ? ከአፈሩ ውስጥ ነጭ ሥር ያወጡ ፍሬዎች! በገዛ እጄ ጨረስኳቸው።

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት የተሳካልኝ እንዲህ ነው። ጥድ ወንድና ሴት አለው፤ ወንዱ ቢጫ ብናኝ ያበናል እንጂ አያፈራም። ከሴቶቹ ላይ፥ ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ፥ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬ ለቀምኩ። አረንጓዴው ገና ጥሬ ስለ ሆነ አይረባም። ሁለት ሌሊት ውሃ ውስጥ ነክሬ በወንፊት ላይ ከአሸዋ ጋር አሸሁት። ሙጫው እጅ አይለቅም፤ ቤቱ በሽታው ታወደና ባለቤቴ «ደግሞ ምን ልታጥን ነው?» አለችኝ። የታጠበውን ዘር ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፥ ይጣል። ብዙው ይንሳፈፋል፤ አትደንግጡ።

የጫካ አፈር፥ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ነፍቼ መደብ አበጀሁ። ዘሩን በስሱ አፈር ሸፍኜ ደረቅ ሣር አለበስኩት፤ ጧትና ማታ በማጠጫ አርከፈከፍኩ። የመጀመሪያው ብቅ ያለው በ38ኛው ቀን ነው! ሌሎቹ እስከ ሦስት ወር ድረስ አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ሲወጡ ሣሩን አንሥቼ ዳስ ሠራሁላቸው። እንደ ልማዴ በደብተር መዝግቤአለሁ፦ የተዘራ 200፥ የበቀለ 61። ወደ ፕላስቲክ ሲዛወሩ ግንዱን ሳይሆን ቅጠሉን ነው መያዝ። በክረምት ውሃ አብዝቼ 17 በሰበሱብኝ፤ 6 ዶሮ ጫረብኝ። የቀረው 38 ነው። አሁን ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቄ ይህን ያህል ነው፤ ጥድ አይቸኩልም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የመናገሻ ሱባን ጫካ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሲነገር እንደኖረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። ያስተከሉት ጥላው ሥር እንደማይቀመጡ ያውቁ ነበር። እኔም ከስድሳ አልፌአለሁ፥ አውቃለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የመቃብሩ ቦታ በአጥሩ ዳር 20 ጉድጓድ ይይዛል፤ በመካከላቸው አራት አራት ሜትር። መቃብር አጠገብ አይሁን፥ ሥሩ ድንጋይ ያነሣል። ችግኝ ሳለ ወንዱ ከሴቱ ስለማይለይ ብዙ መትከል ያስፈልጋል፤ አለዚያ የልጅ ልጆቻችን ፍሬ ያጣሉ። የቀሩትን 18 ግቢ ያለው ይውሰድ። የከበደው ግን ተከላው አይደለም፤ ሁለት በጋ በየሳምንቱ በጀሪካን ውሃ የሚያደርስ ሰው ነው። ለዚህ ተራ የሚገቡ ሰዎች ስም እፈልጋለሁ፤ ወረቀቱ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ነው።

ጉድጓድ የምንቆፍረው ቅዳሜ ሰኔ 7 ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ዶማና አካፋ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ እባካችሁ ፈርማችሁ ውሰዱ፥ ባለፈው ሁለት አካፋ ሳይመለስ ቀርቷል።