በእራፊ ጨርቅ ለገና የገበታ ልብስ ስለ መሥራት

(በኩታበር በመንደር ትምህርት ቤት ለተማሪዎችና ለወላጆች የተነገረ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ እራፊ ጨርቅ ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ጸሐፊው ስለ ቡትቶ ሊነግረን መጣን?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን ትንሽዋ መርፌ ትልቁን ጋቢ ትሰፋለችና፥ እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ይውላል። በዚህ መካከል ያለው ጊዜ 44 ቀን ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ እሑድንና የታወቁትን በዓላት ብናወጣ እንኳ ለሥራ የሚሆን 30 ያህል ማታ ይተርፈናል። እንግዲህ በእነዚህ ማታዎች ምን እንሥራባቸው? የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ለገና ቤታችንን እናዘጋጃለን። ወለሉ ይጠረጋል፤ ቄጠማ ይጐዘጐዛል፤ ሸማው ታጥቦ ይሰጣል፤ ጠላው ይጠመቃል። መሶቡ ወይም ገበታው በምን ይለብሳል ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ ግን፥ በብዙ ቤት የምናገኘው ከገበያ የተገዛ አበባ የታተመበት ላስቲክ ነው። ይህ ላስቲክ በመጀመሪያው ቀን ያብረቀርቃል፤ ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ይጣላል፤ ነፋስም ወደ እርሻው ይወስደዋል። በዚያው ቤት ውስጥ ግን ያረጀ ቀሚስ፥ የተቀደደ ነጠላ፥ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ በማዕዘን ተጠቅልሎ ይበሰብሳል። ያለንን እየጣልን የሌለንን በገንዘብ እንገዛለን ማለት ነው።

ስለ ልደት በዓል ስናስብ ጨርቅ ከበዓሉ የራቀ ነገር እንዳልሆነ እናስተውል። ወንጌላዊው ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፥ እመቤታችን ልጅዋን በጨርቅ ጠቅልላ በግርግም አስተኛችው። ለእረኞቹም የተሰጣቸው ምልክት ይኸው በጨርቅ የተጠቀለለው ሕፃን ነበረ። ደግሞም በአብያተ ክርስቲያናችን የብሥራትን ሥዕል ያያችሁ እንደ ሆነ፥ መልአኩ ገብርኤል ሲመጣ እመቤታችን ፈትል ስትፈትል ተሥላ ታገኛላችሁ። በኦሪት ዘጸአት በ35ኛው ምዕራፍ ሴቶች ለድንኳኑ ሥራ በእጃቸው እንደ ፈተሉ፥ በግብረ ሐዋርያትም በ9ኛው ምዕራፍ ጣቢታ ለመበለቶች ልብስ ትሠራ እንደ ነበረች ተጽፏል። እንግዲህ መርፌና እንዝርት የያዘ እጅ የተናቀ እጅ አይደለም።

ይህን በገና ስም ብናገርም ለክርስቲያን ብቻ ማለቴ አይደለም። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ይኖራል፤ በጋብቻም በዝምድናም ተያይዟል። ስለዚህ እስላም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህንኑ የገበታ ልብስ ለዒድና ለመውሊድ ሊሠሩት ይችላሉ። ቅርጹን እንደ ወደዱ ቢለውጡት የመርፌው ሥራ አንድ ነው።

ልብ ብላችሁ ብታዩ በእኛ ዘንድ እራፊን ከእራፊ መጥቀም አዲስ ጥበብ አይደለም። ድሪቶ ብለን የምንጠራው ይኸው ነው። ነገር ግን ድሪቶን የድህነት ምልክት አድርገን ለስድብ አዋልነው። እኔም ለዚህ ንቀት ባለ ዕዳ ነኝ። ልጅ ሆኜ ለቅኔ ትምህርት ከቤት ስወጣ፥ እናቴ ከአባቴ አሮጌ ሱሪ፥ ከእኅቴ ቀሚስና ከራስዋ መቀነት ቆራርጣ የጠቀመችውን ድሪቶ የሌሊት ልብስ ይሁንህ ብላ ሰጠችኝ። ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ከመንገድ ዳር ከካብ ሥር ሸጐጥሁትና በደበሎዬ ብቻ ሄድሁ። የኅዳር ውርጭ ምን ያህል እንደሚቈነጥጥ የደጋ ሰው ያውቀዋል። በፋሲካ ስመለስ ካቡን ብፈትሽ ምስጥ በልቶት አገኘሁት። እናቴም «ልጄ፥ ድሪቶው አሞቀህ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም «አዎን» አልኋት። አሁን እርስዋ በሕይወት የለችም፤ ከመቀነትዋም አንዲት ቁራጭ በእጄ የለችም። ያ ድሪቶ የቤታችን ሰዎች ሁሉ በአንድነት የተሰፉበት መሆኑን ያወቅሁት ከጠፋ በኋላ ነው።

የእጅ ሥራን መናቅ አገራችንን ብዙ የጐዳ ነገር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፥ አንጥረኛውን፥ ሸማኔውን፥ ጸሐፊውንና ገበሬውን በሥራው ምክንያት የሚሰድበውን ሁሉ ገሥጸዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በልባችን ግን ገና አልተነገረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን ሰዎች ይህን ከብራና ልንማረው በተገባን ነበር። ብራና ፋቂ ቆዳውን ሲፍቅ ቢቀደድበት ስለ ቀዳዳው ብራናውን አይጥለውም፤ በክር ይሰፋዋል። ጸሐፊውም የተሰፋውን ቦታ እየዞረ ቅዱሱን ቃል ይጽፍበታል። የተሰፋ ቦታ ያለበት መጽሐፍ በቅድስናው ካልተሰፋው አያንስም።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በሕንድና በባንግላዴሽ ባለው በቤንጋል አገር ሴቶች ያረጀውን ልብሳቸውን ደራርበው በመርፌ እየጠቀሙ ካንታ የሚባለውን ልብስ ይሠራሉ። በአሜሪካም በአላባማ ክፍል ጂስ ቤንድ በምትባል ቀበሌ የሚኖሩ፥ አያቶቻቸው በባርነት የነበሩ ጥቁር ሴቶች፥ ካለቀ የሥራ ልብስ ቁራጭ ለብርድ ብለው የብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ያ ሥራቸው በሂዩስተን ከተማ በሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታየ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የፖስታ ቴምብር አድርጎ አተመው። የድሀ ድሪቶ የነበረው የአገር ክብር ሆነ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ጨርቁን መሰብሰብ ነው። ደህናውን ልብስ አትቍረጡ፤ ያለቀውን ብቻ ፈልጉ። በሳሙና ወይም በእንዶድ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ቀይና ጥቁር ጨርቅ ቀለሙ እንዳይለቅባችሁ ለብቻው ይታጠብ። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ሳብ አድርጉት፤ ቢተረተር ለላይ አይሆንምና ለውስጥ ይቀመጥ። ስሱን ከስሱ፥ ወፍራሙን ከወፍራሙ ለዩት።

ሁለተኛው መለካት ነው። አንድ ክንድ 2 ስንዝር፥ አንድ ስንዝር 12 ጣት ነው። ከካርቶን ወርዱም ቁመቱም 13 ጣት የሆነ መለኪያ ቍረጡ፤ አንዱ ጣት በስፌት ይገባና ቁራጩ ልክ አንድ ስንዝር ይሆናል። በዚህ መለኪያ 8 ነጭ ወይም ፈዛዛ፥ 8 ደማቅ፥ በጠቅላላው 16 ቁራጭ አዘጋጁ። ስትቈርጡ ድሩንና ማጉን ተከትላችሁ ቀጥ አድርጉ፤ አግድም የተቈረጠ ጨርቅ ሲሰፋ ይጣመማል።

ሦስተኛው መግጠም ነው። አንድ ነጭና አንድ ደማቅ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ከጠርዙ ግማሽ ጣት ገባ ብላችሁ በጥቃቅን ስፌት ጥቀሙ። እንዲህ 8 ጥንድ ይወጣል። ጥንዶቹን እያገላበጣችሁ፥ ነጩ ከደማቁ ሥር እንዲውል፥ እርስ በርሳቸው አያይዙ። ሲያልቅ ወርዱ አንድ ክንድ፥ ቁመቱ 4 ክንድ የሆነ ረጅም የገበታ ልብስ ይሆናል።

አራተኛው ውስጡን ማልበስ ነው። ጥጥ የቆላ ነው፤ የእኛ አገር ግን ደጋ ስለ ሆነ ጥጡን በገንዘብ እንገዛለን። ባዘቶ ያላችሁ ባዘቶውን በስሱ ዘርጉበት። የሌላችሁ ግን አሮጌ ጋቢ ይበቃል። ባና የምንሠራበት የበግ ጠጕርም በደንብ ታጥቦና ተባዝቶ ሊገባበት ይችላል። አባቶቻችን ኩታን ሁለት፥ ጋቢን አራት እጥፍ አድርገው የሠሩት የድርብን ሙቀት ስላወቁ ነው።

አምስተኛው መደረብ ነው። ከላዩ በየጐኑ ሁለት ጣት የሚበልጥ አቡጀዲ ከሥር አንጥፉ፤ በላዩ ባዘቶውን፥ በባዘቶውም ላይ የተጠቀመውን አድርጉ። ከመካከል ወደ ዳር እየሄዳችሁ በሰፋፊ ስፌት ለጊዜው ያዙት፤ ከዳር ከጀመራችሁ መካከሉ ያብጣል። ከዚህ በኋላ ሦስቱንም ንብርብር አንድ ላይ እየወጋችሁ በጥቃቅን ስፌት ጥቀሙ። በስፌቱ መስመርና በመስመር መካከል ከ4 ጣት የበለጠ ባዶ አትተዉ፤ ባዘቶው ሲታጠብ ወደ አንድ ወገን ይከማቻልና። በመጨረሻ ከሥር የተረፈውን አቡጀዲ ወደ ላይ አጥፋችሁ ጠርዙን ስፉ፤ ሰፋፊውንም ስፌት ፍቱት።

ጥንዶቹን በየማታው አንድ አንድ ብትሠሩ በ8 ማታ ያልቃሉ። ሰባቱ መጋጠሚያ በ4 ማታ፥ የሦስቱ ንብርብር ስፌት በ10፥ ጠርዙ በ3 ማታ ይፈጸማል። ድምሩ 25 ነው፤ ከ30ው ማታ 5 ይተርፋችኋል።

በተረፈውም ጊዜ ልጆች የቤተ ልሔምን ኮከብ ይሥሩ። ግማሽ ስንዝር የሆኑ አራት ቁራጮችን ሁለት ሁለቱን ሰፍታችሁ ውስጣቸውን በጥራጊ ጨርቅ ሙሉ፤ ሁለት ትንንሽ ትራስ ይሆናሉ። አንዱን በሌላው ላይ አዙራችሁ ማዕዘኖቹን አሳልፋችሁ ብትሰፉ 8 ጫፍ ያለው ኮከብ ይወጣል። በክር አንጠልጥላችሁ በምሰሶው ወይም በደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉት። ስለ አንድ ቀን ጌጥ ብለን ለጋውን ጥድ አንቍረጥ፤ ተራራችን የተራቈተው ይበቃዋል።

መሶብ ለማልበስ የሚወድ ሰው 5 በ5 አድርጎ 25 ቁራጭ ይጠቅማል። መካከለኛውን ረድፍ በቁመትና በወርድ ደማቅ ቢያደርገው በ9 ቁራጭ መስቀል ይወጣል፤ ሌላው 16 ነጭ ይሆናል። ነገር ግን መስቀል ያለበትን ልብስ ከእግር በታች ከማንጠፍ ተጠበቁ። መምህራን ሆይ፥ ይህን ሥራ ለሒሳብ ትምህርት እንድትጠቀሙበት አሳስባችኋለሁ፤ መደመርን፥ ማባዛትንና የማዕዘንን ነገር ልጁ በእጁ እየዳሰሰ ይማራልና።

ወንዶች ልጆችም «መርፌ የሴት ነው» አትበሉ። በአገራችን በሸማ ጕድጓድ ተቀምጦ የሚሠራው ሸማኔ ወንድ ነው፤ መጽሐፍ የሚጠርዘውም ወንድ ነው። ይልቁንም እናቶቻችሁ ቀኑን ሙሉ በአጨዳና በወፍጮ ደክመው ይገባሉና፥ ይህን ሥራ በእነርሱ ላይ አዲስ ሸክም አድርጋችሁ አትጫኑባቸው። እናንተ ቍረጡ፤ እናንተ ጥቀሙ፤ እነርሱ ያሳዩአችሁ። ባዘቶና እሳት ጠላቶች ናቸውና ኩራዝን ከጨርቁ አርቁ፤ መርፌዋንም ስትጨርሱ ቈጥራችሁ በጨርቅ ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ ሕፃን በሚተኛበት አትጣሉአት።

ከኩታበር ደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናትና፥ ሥራው የጠራለት ሰው ወስዶ ሊሸጠው ይችል ይሆናል። ቢሆንለት መልካም ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን አትሽጡት እላችኋለሁ። የመጀመሪያው በቤታችሁ ገበታ ላይ ይዋል። ከአያታችሁ ነጠላ፥ ከአባታችሁ እጀ ጠባብ፥ ከታናሽ ወንድማችሁም መጠቅለያ አንድ አንድ ቁራጭ ይግባበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ እራፊም ቢያብር ቤትን ያስራል። በገና ቀን ጎረቤት ተጠርቶ እንጀራው በላዩ ሲቀርብ፥ ልጅ ጣቱን እየዘረጋ «ይህ የእማማ ነው፤ ይህ የአባባ ነው» ይላል። የሞተውም የራቀውም ሰው በዚያ ማዕድ አይታጣም።

እናቱ የሰፋችለትን የያዘ ልጅ ካለ አያፍርበት፤ በካብ ሥርም አይሸጕጠው። እናቱ «አሞቀህ ወይ?» ብላ በጠየቀችው ጊዜ በእውነት «አዎን» ለማለት ያብቃው።