ቅርሶቻችንን ሳንጎዳ እንመዝግብ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)






ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ያመጣችኋቸው ቅርሶች በአዳራሹ ተደርድረዋል። ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ፣ ገሳው፣ እንዝርቱ፣ ጋሻው፣ የቀንድ ዋንጫው፣ የብራና መጽሐፉ ሁሉም አለ። ዛሬ የምናገረው እነዚህ ዕቃዎች እንዴት እንደሚመዘገቡና ሳይጎዱ እንዴት ምልክት እንደሚደረግባቸው ነው።

ነገሩ ለኅብረት ሥራ አባል እንግዳ አይደለም። እህል ያለ ደረሰኝ ወደ መጋዘን አይገባም። የምርጥ ዘር ጆንያ መለያ ወረቀቱ ከወደቀበት፣ ውስጡ ያለው ዘር ምን እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። ቅርስም ታሪኩ ካልተጻፈለት እንደዚያ ጆንያ ነው።

ገሳውን እንውሰድ። "የዝናብ ልብስ" ብለን ብቻ ብንጽፍ ምንም አልተናገርንም። ገሳው የተሠራበት የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። ጓሳው ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሕዝቡ በተፈቀደለት ጊዜ ብቻ ያጭድ ነበር። ይህ ሥርዓት የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ሣሩ የት ታጨደ? ገሳውን ማን ሠራው? ማን ለበሰው? ይህን የሚነግሩን አባቶችና እናቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ። ሳንጠይቃቸው ከቀረን ግን ገሳው እጃችን ላይ ሆኖ ታሪኩ ያመልጠናል።

መዝገብ ከሌባም ይጠብቃል። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ከሄደ በኋላ ተመልሷል። የታወቀ መስቀል ስለነበረ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ፎቶግራፍም ልኬትም የሌለው ዕቃ ቢጠፋ ግን ለፖሊስ ምን ብለን እናመለክታለን? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ የደነገገው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ከመጡት ዕቃዎች በአንዳንዶቹ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በእስክሪብቶ ስም ተጽፎ አይቻለሁ። ይህን ያደረገው ሰው ዕቃው እንዳይጠፋ በማሰብ ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ነገር ግን የፕላስተሩ ሙጫ ሲቆይ ቀለም ይለቃል፤ ሲላጥም የዕቃውን ገጽ ይዞ ይነሳል። የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ሱፍና ወደ እንጨት ይሰርጋል። መርፌ ቁልፍ፣ ስቴፕለርና ሽቦ ይዝጋሉ። በግ ለመለያ ጆሮው ቢበሳ ቁስሉ ይሽራል፤ የባና ቀዳዳ ግን አይሽርም።

ስለዚህ ጥሩ ምልክት በራሱ የማይወድቅ፣ ሲፈለግ ግን ዕቃውን ሳይጎዳ የሚነሳ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ ለባና፣ ለዝተትና ለበርኖስ ቁጥሩ በታጠበ ነጭ የጥጥ ጥብጣብ ላይ ይጻፍ። ቀለሙ ውሃ ሲነካው የማይለቅ መሆኑ አስቀድሞ ይፈተሽ። ጥብጣቡ በጠርዙ በኩል በሁለትና በሦስት ላላ ያለ ስፌት ይያዝ። መርፌው ክሩን ሳይወጋ በክርና በክር መካከል ይለፍ።

ሁለተኛ፣ ለእንዝርት፣ ለዋንጫ፣ ለጋሻ፣ ለሞሰብና ለሸክላ ቁጥሩ በእርሳስ በካርቶን ላይ ተጽፎ በጥጥ ክር ላላ ተደርጎ ይታሰር። በሙዚየሞች ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለ ግልጽ ቫርኒሽ በጥቂቱ ይቀባና በላዩ ላይ ቁጥር ይጻፋል። ይህ ለጠንካራ ዕቃ ብቻ የሚሆንና ባለሙያ የሚሠራው ስለሆነ፣ ለእኛ ክርና ካርቶን ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በብራና መጽሐፍ ገጽ ላይ ምንም አይጻፍ። ቁጥሩ በማኅደሩ ላይ ይታሰር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፊልም አንስቶ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጥቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዝርዝራቸው ዝግጅት ብዙ ደክመዋል። መጽሐፉ በደብሩ ይቀመጣል፤ ምስሉና መግለጫው ግን ለሁሉም ይደርሳል። የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት የሚመዘገቡት በካህናቱ ፈቃድና በእነርሱ እጅ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ለምዝገባ ብለን ዕቃውን አንጠብ፣ አንወልውል። በጋሻው ላይ ያለው ጥላሸትና በዋንጫው ውስጥ የቀረው የጠላ ምልክት የታሪኩ አካል ነው። ስናነሳም በማንገቻው ወይም በጆሮው ሳይሆን ከሥሩ በሁለት እጅ እንያዝ።

መዝገቡ የተጠረዘ ደብተር ይሁን። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ይሰጥ፤ ዕቃው ቢመለስም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥ። ሞሰብና ክዳኑ 15ሀ እና 15ለ ይባሉ። ከቁጥሩ ቀጥሎ የአካባቢው መጠሪያ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኬቱ፣ አገልግሎቱ፣ የሠሪው ስም፣ ቀበሌው፣ ያለበት ሁኔታና የተናጋሪው ቃል ይጻፍ። ፎቶግራፉ በጥላ ሥር፣ ቁጥሩና ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ ይነሳ። የመዝገቡ ቅጂ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

ከሁሉ በላይ ግን "ስጦታ" እና "ውሰት" ተለይተው ይጻፉ። እዚህ የመጣው ባና የእናቷ መታሰቢያ የሆነባት እናት "ይመለስልኝ ይሆን?" ብላ ልትሰጋ አይገባም። ባለቤቷ ፈርማ ደረሰኝ ትያዝ። ማኅበራችን የቆመው በመተማመን ነውና፣ በእህል የጠበቅነውን አደራ በቅርስም እንጠብቅ።

ስለዚህ ለቦርዱ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዐውደ ርእዩ ከመዘጋቱ በፊት ከየመሠረታዊ ማኅበሩ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች ይመረጡ። በእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ባለቤቱን አስቀምጠው ይጠይቁ፤ ይጻፉ። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስ፣ ካርቶንና የጥጥ ክር ነው። ክሩን የሚፈትሉ እናቶች በመንዝ አይጠፉም።