የሳንቲም አክሲዮን ባለቤቱ ማነው?
(በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዳንድ ወንድሞች «የዕድሩ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ምን ይሠራል? እዚሁ አሜሪካ በሳንቲም የሚሸጥ አክሲዮን እንግዛበት» ሲሉ ሐሳብ አቅርበው ነበር። እንድናጣራ የታዘዝነው ሦስት ሰዎች ያየነውን እንነግራችኋለን።

በሳንቲም የሚሸጥ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው አንልም። የሚያስፈራው ባለቤቱ የማይታወቀው ነው። በዕድራችን ማን ገንዘብ እንደያዘ፣ ማን እንደሚፈርም መዝገቡን ገልጠን እናያለን። እዚያ ግን የሚፈርመው ሌላ፣ የሚያዘው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሲንክ ቴክኖሎጂ የሚባለውን ኩባንያ እንውሰድ። አድራሻው ቤሊዝ፣ ገቢ የሌለው፣ ሠራተኛውም አንድ ሰው ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በሜይ ወር 6 ሳንቲም የነበረው አክሲዮኑ ጁላይ 10 ቀን ከ13 ዶላር በላይ ሆኖ ዋለ። በዚያ ሒሳብ ኩባንያው ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል ማለት ነው፤ እንዴት ተደርጎ! በማግስቱ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሽያጩን አገደ። መሥሪያ ቤቱ በ2015 በመሠረተው ክስ፣ ኩባንያውን በስውር የያዘው አንድ ካናዳዊ እንደሆነና ሥራ አስኪያጅና ባለአክሲዮን ተብለው የተጻፉት ለስም ብቻ የተቀመጡ መሆናቸውን ገለጸ። ከጀርባ ሆኖ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ ሲያንር የነበረ ሌላ ሰው ደግሞ በ2016 ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ በ2017 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያሸሸው ገንዘብ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ኤድጋር ይባላል፤ ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። በዚያ ለተመዘገበ ኩባንያ ከ5 በመቶ በላይ ድርሻ የያዘ ሰው ራሱን ማሳወቅ አለበት። ደባቂው ይህን ስለሚያውቅ ድርሻውን ከ5 በታች እየቆራረጠ በልዩ ልዩ ስም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ስም ብቻ ሳይሆን አድራሻ ማስተያየት ያስፈልጋል። የድሮ ስሙንም ፈልጉ። በማስታወቂያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም አንብቡ፤ አወዳሹ ስንት እንደተከፈለው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ለእኛ የቀረበልን ኩባንያ ስሙን ሦስት ጊዜ ለውጧል። ሦስት ባለአክሲዮኖቹ እያንዳንዳቸው 4.9 በመቶ ይዘዋል፤ የሦስቱም አድራሻ አንድ ክፍል ነው። ሻጩን «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብለን በጽሑፍ ጠየቅነው። «ዋጋው ሳይነሣ ቶሎ ግዙ» አለን እንጂ ስም አልሰጠንም።

የኮሚቴው አሳብ አይገዛ የሚል ነው። ገንዘቡ አሁንም ባንክ አለ፤ ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።